ከወንዙ ዳር የተነሳው ላቫጆ

ሰናይትዬ፣

አምቦ ነኝ። ዛሬ ጠዋት የሰፈሩ ሰዎች አዳራሽ ተሰብስበው ሁሉቃ ወንዝን እንዴት እናጽዳው ብለው ሲመካከሩ አብሬ ተቀምጬ ነበር። ካሰች የምትባል ከወንዙ በታች አትክልት የምታለማ ሴት ተነስታ፣ «የባጃጅ እጣቢ ከነዘይቱ ጎመኔ ላይ እየመጣ ነው። ላቫጆው ከወንዙ ዳር ይነሳልን» አለች። የላቫጆው ባለቤት ኦቦ ጅሩ ጎረቤቷ ናቸው፤ እዚያው ተቀምጠው ይሰሟታል። ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ ቀስ ብለው ተነሱና፣ «እውነቷን ነው። እኔም ይህን ወንዝ ጠጥቼ ነው ያደግኩት። እነሳለሁ፤ ወዴት እንደምሄድ ግን አላውቅም» አሉ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ። ወዴት ይሂዱ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሰብሳቢውም ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ። ስንወጣ ካሰች በር ላይ ጠብቃ እጃቸውን ያዘች። «ዲፋማ ኦቦ፣ ይቅር ይበሉኝ። እንጀራዎን ልዘጋ ብዬ አይደለም» ብላ አለቀሰች።

«ምን ታድርጊ ልጄ፤ ጎመኑን የሚበሉት ልጆችሽ አይደሉ?» አሏት።

እኛ ሐዋሳ ስለ ሐይቁ ስንወያይ፣ ይነሳ የምንለው ሰው አዳራሹ ውስጥ ስለማይኖር ፊቱን አናየውም። ከሰዓት ወደ ወንዙ ብወርድ ኦቦ ጅሩ ብቻቸውን የውሃ ጎማቸውን ይጠቀልላሉ። ተነስቼ አንዲት ጥያቄ ብጠይቅላቸው ምን ነበረበት እያልኩ ስብሰለሰል ዋልኩ።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ጠበበኝ። እትዬን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ሕፃኗንም እቀፊልኝ። ወንዙ ይጠራል፣ ሰናይትዬ፤ እኔ ግን ደስታው እምቢ አለኝ።

ጣቢታ