ለመብሩካ የተገዛ ሞተር

ኅዳር 3
ሰሊጥ መጭመቅ፣ ላብ መጥረግ። የዐረብ አገር ሥራዬ፣ እንደ ሁልጊዜው። ግመሊቱ መብሩካ ዓይኗ ተሸፍኖ ስትዞር ዋለች፤ ድንጋይ የተጫነበት የመጭመቂያው ዘንግም ሲጢጥ ሲጢጥ ሲል ዋለ። የፊት ጉልበቷ አብጧል። እርጉዝ ናት ደግሞ... አሳዘነችኝ።

ኅዳር 5
ባለቤቱ አቡ ሳሊም ሞተር ገዝቶ መጣ! "ዘንጉን ካዞረ መብሩካ ትረፍ፣ ትውለድ። ካላዞረ ለሥጋ ትሸጣለች፣ ሌላ ግመል አመጣለሁ። ኸላስ።"
ኸላስ? አለቀ? እንዲህ በቀላሉ?
ለማዞር ስንት ኃይል ይፈልጋል ብሎ የጠየቀ የለም። አሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ተምሬ የለ? "እኔ አሰላዋለሁ" አልኩ። ከየት የመጣ ድፍረት ነው?

ኅዳር 6
የበግ መመዘኛውን ባለ መንጠቆ ሚዛን መብሩካ በምትጎትተው ገመድ መሃል አሰርኩት። እየዞረች ሳነብ ስልሳ ኪሎ። ገመዱ የታሰረበት ግንድ ከዘንጉ እስከ ጫፉ ሦስት ሜትር። ሲባዛ መቶ ሰማንያ። አለቀ! ሞተሩን ሊተክል የመጣው መካኒክ በዚያው ልክ የቀበቶውን መዘውር፣ ፑሊውን፣ ገጠመ።
አብሮኝ የሚሠራው ዘይኔ፣ ያገሬ የወረባቦ ልጅ፣ "ኢንጅነር ሸምሱ!" እያለ ሲያሾፍብኝ ዋለ። ደስ አለኝ ግን።

ኅዳር 8
አልዞረም። ሞተሩ አጓራ፣ ቀበቶው የተቃጠለ የተቃጠለ ሸተተ፣ ዘንጉ ንቅንቅ አላለም። አቡ ሳሊም ሥጋ ሻጩ ጋ ሊደውል ስልኩን አወጣ። "ዐምሚ፣ እስከ ጁምዓ ብቻ ታገሰኝ!" ብዬ ለመንኩት። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሄደ... እሺ ማለቱ ይሆን?
የት ተሳሳትኩ? ማባዛቱ ልክ ነው...

ኅዳር 9
አገኘሁት! አይ እኔ ጅሉ!
አዲስ ሰሊጥ ስንሞላ መብሩካ ዘንጉን ብቻዋን አታስነሳውም። እኔና ዘይኔ ግንዱን ጫፉ ላይ በትከሻችን "ሆ! ያላ!" ብለን እንገፋላታለን፣ ሲዞር እንለቃለን። ከመልመዳችን የተነሣ ከሥራም አልቆጠርነው። እኔ የመዘንኩት ከተነሣች በኋላ!
ዛሬ በመግፋት ፈንታ በገመድ ጎተትን፣ መዘንን። የሁለታችን ስልሳ ኪሎ። ከእሷ ጋር መቶ ሃያ፣ በሦስት ሜትር ሦስት መቶ ስልሳ። እጥፍ!
"ሁለት ሆነን አንድ ግመል ነና?" አለ ዘይኔ። ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።
መካኒኩም ገባው። የዘንጉን ፑሊ በእጥፍ ሊያተልቀው ነው፤ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ የማዞር ኃይሉ እጥፍ ይሆናል። ያረቢ፣ አንተው እርዳን...

ኅዳር 12፣ ጁምዓ
ዞረ!!! መጀመሪያ እህህ አለ... ከዚያ ቀስ ብሎ... ዘይቱ ጠብ ጠብ። ዘይኔ ዘለለ፣ እኔ አለቀስኩ። አቡ ሳሊም እንኳ "ማሻአላህ" አለ። የመብሩካን የዓይን መሸፈኛ ራሴ ፈታሁላት። አልሐምዱሊላህ።

ጥር 2
ወለደች! ሴት። ሁለ ነገሯ እግር ብቻ። ስም አውጡላት ስንባል ዘይኔ "ኢንጅነር ካልተባለች" ብሎ ድርቅ አለ።
ጠዋት ሞተሩን ሳስነሣ ሁለታችንም እኩል "ሆ! ያላ!" ብለን ትከሻችንን ሰጠን። የምንገፋው ግንድ ተፈትቶ ከወጣ ቆየ እኮ! ተያይዘን ወደቅን። መብሩካ ልጇን እያጠባች ታየናለች።