ስለ ዲስኮ ሙዚቃና ስለ አዳራሹ ወለል ያለኝ የግል አስተያየት

ለተከበሩ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። በተለይ ለራስ ቅልዎና ለጀርባ አጥንትዎ ደህንነት ያለኝ ምኞት ከልብ የመነጨ ነው፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ።

እኔ ለሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያለሁ ሴት ነኝ። እኔን ያስተማሩኝ መምህራን ኅዳጉ ያልተሰመረ ወረቀት ሳያነቡ ይመልሱ ስለነበር፣ ይህንንም ደብዳቤ ኅዳግ አስምሬ፣ አቤቱታዬን በተራ ቁጥር ከፋፍዬ አቅርቤዋለሁ። ከዚህ ቀደም የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎችም እንዲሁ የተሰመሩ ነበሩ። ሦስቱም የሚናገሩት ስለ አዳራሹ ወለል ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ለሦስቱም የሰጠኝ መልስ ግን፣ ቀኑ ብቻ እየተቀየረ፣ «ስለ ዲስኮ ሙዚቃ ያለዎትን የግል አስተያየት በአክብሮት ተቀብለናል» የሚል ነው። ያልሰጠሁትን አስተያየት በአክብሮት ስለተቀበሉልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መዝገብዎ ባዶ እንዳይሆን አስተያየቱን ዛሬ እሰጣለሁ፤ በጋዜጣ ማውጣቴም አራተኛው ደብዳቤ ከሦስቱ ጋር በአንድ መሳቢያ እንዳይጨናነቅ በማሰብ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ዲስኮ የሚጨፈርበት አዳራሽ ፎቅ ላይ ነው፤ ወለሉ የእንጨት ነው። ከሥሩ፣ ምድር ቤቱ ላይ፣ የሕዝብ ማንበቢያ ክፍል አለ። የዚያ ክፍል ኃላፊ ልጄ ናት። ጠረጴዛዋ ከክፍሉ መካከል፣ ወለሉን ከተሸከመው ዋና አግዳሚ እንጨት ሥር ከተቀመጠ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል።

ተራ ቁጥር አንድ፤ ስለ ዲስኮ። ክቡርነትዎ ዕድሜዬን አይተው ዲስኮ እንደምጠላ ገምተው ይሆናል። እወደዋለሁ። በወጣትነቴ እሑድ ከሰዓት በኋላ በዚሁ አዳራሽ ከታች የሰፋ ሱሪ ለብሼ ጨፍሬያለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ቀሚሴን ለብሼ ከተማሪዎቼ ፊት ቆሜያለሁ፤ አንዱ ሌላውን አልጎዳውም። ዲስኮን ተራ ጩኸት የሚሉ ሰዎች አዳምጠውት አያውቁም። ከበሮው እስከ አራት ይቆጥራል፣ አራቱም ምት እኩል ነው፤ ቫዮሊኖቹ ከላይ ይሮጣሉ፣ መለከቶቹ ይገቡባቸዋል፣ መቁጠር የማይችል ሰው እንኳ እግሩ ይቆጥርለታል። ከበሮ መቺው ሰው ስለነበረ ይደክመው ነበር፤ ድካሙም ከዘፈኑ ጋር ይሰማ ነበር። ዲስኮ ሞተ ተብሎ በታወጀ ጊዜ ወራሾቹ ንብረቱን ሲካፈሉ ቫዮሊኑን የፈለገው አልነበረም፤ መለከቱንም እንዲሁ። ሁሉም የተሻማው ከበሮውን ነው። ዛሬ በየሱቁ፣ በየስፖርት ቤቱና በየማስታወቂያው የምሰማው ያው ከበሮ ነው፤ የሚደክመው ሰው ግን የለበትም። ፎቅ ላይ ላለ ሰው ይህ ዘፈን ነው። ምድር ቤት ለተቀመጠ ሰው መዶሻ ነው።

ስለ ሙዚቃው ያለኝ አስተያየት እዚህ ላይ አበቃ። የቀረው ስለ ወለሉ ስለሆነ ጽሕፈት ቤትዎ ለማንበብ ላይገደድ ይችላል።

ተራ ቁጥር ሁለት። ባለፈው ዓመት እድሳት ከማንበቢያው ክፍል መካከል የነበረው ምሰሶ «ዕይታ ይከልላል» ተብሎ ተነሥቷል። ዕይታው በእርግጥ ተሻሽሏል። አሁን ከልጄ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ቀና ለሚል ሰው ጣሪያው ላይ አግዳሚውን ተከትሎ የወጣው ስንጥቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለ አንዳች ከለላ ይታያል።

ተራ ቁጥር ሦስት፤ ይህኛው ስለሚረዝም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያንን ወለል ያነጠፈው አናጢ አጎቴ ነበር። ወለሉን የሠራው ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚያጨበጭብ ሕዝብ ነው። አዳራሹ የሸክላ ማጫወቻ ገዝቶ ዲስኮ የጀመረ ዕለት፣ እኛ ስንጨፍር እርሱ ምድር ቤት ወርዶ መዳፉን ምሰሶው ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያም ወጣና፣ ከቅጥነቱ የተነሣ መርፌ እያልን የምንጠራውን ሸክላ አጫዋች በጆሮው አናገረው። አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰምቻለሁ። «ሁለት ፈጣን ካጫወትክ አንድ ዝግ ያለ አጫውት። ወለሉ ትንፋሽ ይውሰድ» ነው ያለው። መርፌም ትእዛዙን ለዓመታት አንድም ቀን ሳያጓድል ፈጸመ። ሕዝቡ ግን ሸክላ አጫዋቹ ለፍቅረኞች የሚራራ ደግ ሰው ነው ብሎ ያምን ነበር። ስንቱ ትዳር የተመሠረተው ወለሉ እንዲያርፍ ተብሎ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ፤ የራሴም ትዳር ከነዚያው አንዱ ነው።

አጎቴ ፊዚክስ አልተማረም፤ መዳፍ ግን ነበረው። ለተማረ ሰው ላስረዳ። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠ ሕፃን ከፍ የሚለው በኃይለኛ ግፊት አይደለም፤ በትንሽ ግፊት ነው፣ ግፊቱ ሰዓቱን ጠብቆ ከተደጋገመ። በሌላ ጭፈራ ሰው ሁሉ እግሩን በየራሱ ጊዜ ስለሚጥል አንዱ የሌላውን ግፊት ያበርደዋል። በዲስኮ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣል፣ በአንድ ጊዜ ያርፋል። ካላቋረጡት ወለሉም አብሮ መጨፈር ይጀምራል። የአሁኑ የማጫወቻ ባለሙያዎ እጅግ ትሑት ሰው ነው። ሄጄ ብለምነው፣ ማሽኑ ዘፈኖቹን እያገጣጠመ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ ፋታ እንደሚያጫውት በኩራት አሳየኝ። አንድ ዝግ ያለ ዘፈን ጣልቃ እንዲያስገባ ብጠይቀው ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እማማ፣ ዝግ ያለ ነገር ካጫወትኩ ሕዝቡ ይበተንብኛል፣ አለቃም ከልክለዋል አለኝ። ሕዝቡ እንዳይበተን ስላሰቡለት እናመሰግናለን። ሰው ተሰብስቦ የሚገኝ ከሆነ ለቆጠራም ያመቻል።

ተራ ቁጥር አራት። ስንጥቁ መንቀሳቀሱንና አለመንቀሳቀሱን ለማወቅ ሦስት ቀጫጭን መስታወቶች በላዩ ላይ አጋድሜ በጀሶ አጣብቄያለሁ፤ መሰላሉን የያዘችልኝ ልጄ ናት። ስንጥቁ ባለበት ከቆየ መስታወቱ ምንም አይሆንም፤ ከሰፋ ይሰበራል። በመስኮቱ በኩል ያለው ከአምስት ሳምንት በፊት ተሰብሯል። በበሩ በኩል ያለው ባለፈው ቅዳሜ፣ ጭፈራው በተጀመረ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ተሰብሯል። ሦስተኛው ከልጄ ጠረጴዛ በላይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንባቢዎች ከገጹ ላይ ነጭ አቧራ እፍ እያሉ ያነባሉ፤ በልጄ ብርጭቆ ያለው ውኃም ከበሮው በመታ ቁጥር ክብ ይሠራል። ክቡርነትዎ ነገሩን ችላ ብለውታል የሚል ካለ ሐሰት ነው፤ ከመጀመሪያው ደብዳቤዬ በኋላ በስድስተኛው ሳምንት መሐንዲስ ልከዋል። መሐንዲሱ አንጋጦ ጥቂት ካየ በኋላ ባርኔጣውን አደረገ፣ ልጄን ሁልጊዜ እዚህ ነው የምትቀመጪው ብሎ ጠየቃት፣ መልሷንም ሳይጠብቅ ወጣ። ሪፖርቱን ብጠይቅ የውስጥ ሰነድ ነው ተብያለሁ።

ተራ ቁጥር አምስት። በየግድግዳው የለጠፉት ማስታወቂያ የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታላቅ የዲስኮ ትዝታ ዝግጅት እንዳለ፣ አራት መቶ ሰው ለሃያ ደቂቃ በአንድ ምት እንደሚዘል ይገልጻል። በዚያው ሰዓት ማንበቢያው ክፍል ክፍት ነው፤ የፈተና ጊዜ ስለሆነም ወንበር አይገኝበትም። ለጸሐፊዎ ይህን ባስረዳ፣ እትዬ፣ እርስዎም ይምጡና ይዝናኑ እንጂ ብለው ሁለት የክብር መግቢያ ሰጡኝ። ሁለተኛው ለማን እንደሆነ አልገባኝም፤ ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ምናልባት በቅርቡ እንደምንገናኝ ታስቦ ይሆናል።

ለልጄ፣ ቅዳሜን ፈቃድ ውሰጂ አልኳት። ለመንኳት ብል ይሻላል፤ ልጄን ለምኜ አላውቅም ነበር። የምታነበውን የመጽሐፍ ካርድ ሳታስቀምጥ፣ «እማዬ፣ እኔ ስቀር በቦታዬ የምትቀመጠው ነፍሰ ጡሯ ረዳቴ ናት። እሷን እዚህ ተቀመጪ ልበላት?» አለችኝ። ለሠላሳ አራት ዓመት ተማሪ ጠይቆኝ ያልመለስኩት ጥያቄ የለም። ይህኛውን ግን ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መርቼዋለሁ። ክቡርነትዎ መልሱን ካወቁት ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

የምጠይቀው ከሦስቱ አንዱን ነው። ምሰሶው ወደ ቦታው ይመለስ። ይህ ከከበደ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማንበቢያው ክፍል ይዘጋ፤ ቁልፉን ማዞር የአንድ ሰው እጅ ሥራ ነው። ይህም ከከበደ፣ ከሁለት ፈጣን ዘፈን በኋላ አንድ ዝግ ያለ ይጫወት። ሕዝቡ ቢበተንም በእግሩ ነው የሚበተነው።

እስከዚያ ድረስ፣ ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የክብር መግቢያዬን ይዤ ምድር ቤት፣ ከልጄ ጠረጴዛ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። መጽሐፍም መነጽርም እይዛለሁ። የማነበው ግን ጣሪያውን ነው።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ አስተያየቴን ለአራተኛ ጊዜ በአክብሮት እንደሚቀበሉልኝ ባለ ሙሉ እምነት፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ እየነሣሁ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
ጡረተኛዋ የፊዚክስ መምህርት፣ የማንበቢያው ክፍል ኃላፊ እናት

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ለጋዜጣው የምልከውን ፖስታ ላሽግ ስል ልጄ ከሥራ ገብታ፣ ከማንበቢያው ክፍል አጠገብ፣ ከዚያው አግዳሚ ሥር ያለው የእርስዎ ቢሮ ሐሙስ ዕለት ግቢውን ተሻግሮ ወዳለው ሕንፃ መዛወሩን ነገረችኝ። ጸሐፊዎ ምክንያቱ ክፍሉ ቀለም ሊቀባ ስለሆነ ነው ብለዋታል። መሐንዲሱ የመጣው በዋዜማው፣ ረቡዕ ነበር። ቀለም ቀቢ እስካሁን አልመጣም፤ ክፍሉ ባዶውን ተቆልፏል። እንግዲህ የልጄም ክፍል ግድግዳ ደብዝዟልና፣ ከቅዳሜ በፊት እርሱም ቀለም እንዲቀባ በትሕትና እለምናለሁ።