አመዱ ላይ ዱካ የለም

የካቲት 3

የዘር ድንቹን ገላበጥኩ። ከታችኛው መደርደሪያ አራት የበሰበሰ አወጣሁ። ሌላው ጥሩ ጎንቁሏል። ነፋሱ ከጮቄ ተራራ ነው የሚመጣው፣ እጄ ደነዘዘ።

ከዚያ እንደ ልማዴ የልጄን የድረስን ሣጥን ተጫንኩ። ሊሞት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው መጋዘኑ ግድግዳ ላይ የሰቀለው። ውስጡ ያለው ለኪ ሙቀትና እርጥበት ይለካል፣ ሣጥኑ ማርቆስ ከተማ ላሉት ባልደረቦቹ ይልካል። ሲጫኑት ስክሪኑ ይበራል፣ ቁጥር ይወጣል። ቶሎ ይጠፋብኛል ስለው አንድ ቀን ሙሉ እንዲበራ አደረገልኝ። ከቁጥሩ በላይ እሱ የጻፈው አለ፦ «እማ፣ ድንቹ ደህና ነው።»

በየቀኑ እጫነዋለሁ። ለቁጥሩ አይደለም...

ደህና ነው ቢልም መልሼ መደርደሪያውን እፈትሻለሁ። እሱ እያለም እንዲህ ነበርኩ። «እኔንም አታምኚኝም?» ይለኝ ነበር።

ይህም ደብተር የሱ ነው። ፊቱ የሱ ጽሑፍ ነው፣ አይገባኝም። እኔ ከጀርባው ጀመርኩ።

የካቲት 9

ከደምበጫ ተመለስኩ። እህቴ ንግስት ጋ ሁለት ሌሊት አደርኩ። መጋዘን ገብቼ ሳይ የለኪው አረንጓዴ መብራት ጠፍቷል። ተጫንኩት። ጽሑፉ አለ፣ ቁጥሩ የለም።

ሃኒ ደወለች፣ የድረስ ባልደረባ። ከትናንት ጀምሮ ቁጥር አይደርሰንም አለች። ማርቆስ ቁጭ ብላ የኔን ጓዳ እንዴት አወቀች? ነቅዬ እንድሰካው ነገረችኝ። ነቅዬ ሰካሁት። በራ።

ከተሰቀለበት ከኅዳር ጀምሮ ያልጠፋ ዛሬ ለምን?

የካቲት 22

እንደገና። ይጁቤ ለቅሶ ሄጄ ሁለት ሌሊት አድሬ መጣሁ... ጠፍቷል። ነቅዬ ሰካሁት፣ በራ።

ቤት ስሆን አይጠፋም። ስሄድ ይጠፋል። እንግዲህ ሰው ነው። መውጣቴን የሚጠብቅ ሰው።

ጌታሰው አለ፣ የሟች ባሌ ወንድም። አጥራችን አንድ ነው። ትርፍ ቁልፍም እሱ ጋ ነው። ጠየቅሁት። ሳቀ። «ሌባ ቢገባ ድንቹን ይዘርፋል እንጂ መብራት አጥፍቶ፣ በር ቆልፎ ይሄዳል? እንዲህ ያለ ጨዋ ሌባ ካገኘሽ ለኔም ላኪው» አለኝ።

አልሳቅሁም። ቁልፉን ተቀበልኩት።

የካቲት 25

ሃኒ መጣች። በሩ ላይ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም።

ሣጥኑን ልትወስደው ነው። እንዲህ እየጠፋ ቁጥሩ አይታመንም፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ተጠርጎ አዲስ ይጫንበታል አለች። ጽሑፉስ? አልኳት። እሱም አብሮ ይጠረጋል አለች።

ይቺ ልጅ ስትደውል ሁልጊዜ «ቤት ነዎት?» ትላለች። ለምን? ከሩቅ ራሷ ብታጠፋውስ? መውሰጃ ምክንያት እንዲሆናት... የልጄን ሥራ የራሷ ልታደርገው...

«ልጄን እግዜር ወሰደው። ቃሉን አንቺ አትወስጂም» አልኳት።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ እስከ መጋቢት አጋማሽ ልጠብቅዎት» አለች።

ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ሄደች። ጠጪ አላልኳትም።

መጋቢት 4

ደጃፉ ላይ አመድ ነሰነስኩ። በመስኮቱም ሥር። ቆለፍኩ፤ ሁለቱም ቁልፎች አንገቴ ላይ ናቸው። ለጌታሰው ደምበጫ መሄዴን ነገርኩት። ሃኒ ጋም ደወልኩ፣ ሰላም ልል የደወልኩ መስዬ፣ ሁለት ቀን ቤት የለሁም አልኳት።

ማን እንደሚገባ አያለሁ።

መጋቢት 6

አመዱ ላይ ዱካ የለም። የድመት እንኳ የለም።

መብራቱ ጠፍቷል።

እንግዲህ ሃኒ ናት፣ ከሩቅ... ሌላ ማን ይሆናል?

የድረስን ጽሑፍ ከፊት ጀምሬ አነበብኩ። በጣቴ እየተከተልኩ፣ እስኪመሽ። «ኃይል ተቀባዩ ሳይተኛ ሰጪው አይተኛ። ፕሮሰሰሩ ሲፈጥን ሚሞሪውም ይፍጠን፣ አለዚያ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ይውላል። ማን ከማን እንደሚቀበል ካልነገርነው ከርነሉ አያውቅም።» መጨረሻው ገጽ ላይ፦ «ስክሪኑ ከመስመር ሁለት። ለኪው ከየት?? ይጣራ።»

የጥያቄ ምልክቱ ሁለት ነው። ልጄም ይጠረጥር ነበር።

መጋቢት 7

ሃኒ ጋ ደወልኩ። ላጋልጣት ነበር። ከዚህ ደብተር ቀኖቹን አነበብኩላት፣ መቼ እንደሄድኩ፣ መቼ እንደጠፋ። የድረስንም መጨረሻ ገጽ። አልተቆጣችም። ጠየቀችኝ።

«ቤት ሲሆኑ ሣጥኑን ምን ያደርጉታል?»

«ምን አደርገዋለሁ? እጫነዋለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማኝ። «ነገ መጣሁ እትዬ» አለች። ድምፅዋ ሌላ ሆነ። ምን አገኘች?

መጋቢት 8

ኮምፒውተሯን የድንች ከረጢት ላይ አድርጋ ሠራች። ከጎኗ ተቀመጥኩ፣ እጇን እያየሁ።

ማንም አልገባም። እሷም አላጠፋችም። ስክሪኑም ለኪውም ኃይል የሚያገኙት ካንድ መስመር፣ ከመስመር ሁለት ነው። ከርነል የሚሉት፣ የሣጥኑ አዛዥ፣ የሚያውቀው ስክሪኑን ብቻ ነው። አንድ ቀን ካልነኩት ስክሪኑ ይተኛል። አዛዡም ተጠቃሚ የለም ብሎ መስመሩን ይዘጋል፣ ለኪው ሥራ ላይ እያለ። እኔ ቤት ካለሁ እጫነዋለሁ፣ ስክሪኑ አይተኛም... ለካ እኔ ነኝ ያቆየሁት።

መስኖ የሚያከፋፍለው የኛ የውሃ አባት ትዝ አለኝ። ከየቦዩ ማን እንደሚያጠጣ ይይዛል፣ የመጨረሻው ሰው ሳይጨርስ ውሃ አይዘጋም። አንዱን ከረሳ ግን የዚያ ሰው ማሳ እንደ ጠማው ይቀራል።

«ለኪው አልተመዘገበማ» አልኳት።

«እሱ ነው» አለች። «ድረስ ሲፈልገው የነበረው።»

አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈች። ለኪው ከመስመር ሁለት ይቀበላል፣ እሱ ሳይተኛ አትዝጋ። ይኸው ብቻ? ይኸው ብቻ። ከሥሩ ያገዘ ሰው ሁሉ ስም ይጻፋል አለች። ፈረንጅኛ ነው፣ ጣቷን እያስቀመጠች አስነበበችኝ። የጠረጠረው ድረስ። ያሳወቀችው ማንጠግቦሽ። የራሷን ስም ፈለግሁ። ከሁሉ በታች ነው።

የልጄን ጽሑፍ አልነካችውም፣ ሣጥኑንም አልወሰደችም። ሻይ አፈላሁላት።

መጋቢት 13

ንግስት ጋ ሦስት ሌሊት አደርኩ። አመድ አልነሰነስኩም... ትንሽ ብቻ፣ ለአይጥ።

ሃኒ በየቀኑ ደወለች። አልተቋረጠም አለች። እሺ አልኳት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ዛሬ ከሰዓት መጋዘኑን ከፈትኩ። ስክሪኑ ተኝቷል፣ ጨለማ ነው። ከጎኑ ግን አረንጓዴዋ በርታለች።

ተጫንኩት።

«እማ፣ ድንቹ ደህና ነው።»

መደርደሪያውን ሳልፈትሽ ዘግቼ ወጣሁ።