ቤይሩት የተያዘልኝ ክፍል

እንጅባራ፣ ሰኞ ጥር 23 ቀን 1958 ዓ.ም.

ዛሬ ልጄ ሙላት ስለሚደውል በጭነት መኪና ዳንግላ ወርጄ ስልክ ቤት ጠበቅሁ። ቤይሩት ከፎቅ ላይ ቤት ሊገዛ ነው።

«እምዬ፣ እዚህ ቤት ውሎ አያድርም። ዛሬ ካልተዋዋልኩ ሌላ ይወስደዋል። ትመጫለሽ? ከመጣሽ ፎቅ ላይ ያለውን ባለ ሁለት ክፍል እይዛለሁ።»

«እህትህን ለማን ትቼ?» አልኩት። የሻለምን ከቀበርናት ሦስት ወር አልሞላም፤ ተዝካሯም አልወጣም።

«እሷማ ሞተች፤ እኔ አለሁ እኮ!» አለኝ።

ወረፋ የያዙት ሁሉ ከስልኩ የሚወጣውን ድምፅ ይሰማሉ። አንድ ሽማግሌ፣ «እመት፣ ከፎቅ ላይ ዶሮዎ የት ልታድር ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ስልከኛው «ሰዓቱ አልቋል» ሲል፣ «ያዘው፣ እመጣለሁ» ብዬ ጮህኩ። ሙላት ሲስቅ ሰማሁት። እህቱ ካረፈች ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

አሁን ቀርቻለሁ ብዬ ብነግረው ያን ሳቅ እነጥቀዋለሁ። ብሄድ የሻለም መቃብር ላይ የሚበቅለውን አረም የሚነቅል የለም።

እንጅባራ ከመኪና እንደወረድኩ እንደ ልማዴ የሻለም ወደተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አጥሩ ጋ ስደርስ ትቻት መሄዴን ለልጄ ምን ብዬ እንደምነግራት አጣሁ። ከውጭ ተሳልሜ ተመለስኩ።