አያታችን አንቺን ስትጠራ

ልጄ ሱዛር፣ ባለሽበት በማሌዥያ ከክፉ ሁሉ የራቅሽ ሁኚ፤ ገላሽም ልብሽም ይረፍ። እኛ ደህና ነን፤ አያትሽ ግን ከታመመች ሰነበተች።

እማዬ እስከዚህ አስጽፋኝ ሩዙን ልታይ ተነሣች። የቀረው የእኔ፣ የታናሽሽ የንዌኒ ነው።

እትዬ፣ የአያታችንን ገላ የማጥበው እኔ ነኝ፤ እሷ ግን "ሱዛርዬ፣ እጅሽ ሲለሰልስ!" ትለኛለች። ማሰላሰል የሚያስተምሩኝ መነኩሴ "የመጣብሽን ስሜት አታባርሪው፤ በልብሽ ስሙን እየጠራሽ እዪው" ብለውኛል። ስለዚህ እግሯን እያሸሁ "ቅናት፣ ቅናት" እላለሁ። ትናንት ድምፄ አመለጠኝ።

"በማን ነው የምትቀኚው?" አለችኝ ዓይኗን ገልጣ።

"በሱዛር።"

ሳቀች። "እኔም በእህቴ እንዲሁ ነበርኩ። በይ ማሸትሽን ቀጥዪ፣ ንዌኒ።"

ልቤ እርፍ አለ።

ሰላምና ጤና ይብዛልሽ፣ እትዬ። ብቻ እባክሽ እስከ ሳምንት አትደውዪላት፤ ስሜን ትንሽ ትልመደው።