ሞቷል ያልኩት ቦርድ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8

ከሥራ በቀጥታ ወደ እጅ ሥራ ክበባችን ወርክሾፕ። ጣውላ በጨረር የሚቆርጠው ማሽን፣ ሌዘር መቁረጫው፣ ዛሬም እምቢ አለ። ጭንቅላቱ ይሄዳል፣ ይመለሳል… ጨረር የለም። ጣውላው ላይ ጭረት እንኳ አልወጣም። ማሽኑን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ መቆጣጠሪያ ቦርዱ፣ ሞቷል፣ መቀየር አለበት አልኳቸው ለክበቡ ሰዎች። ነርሷ ዴኒዝ፣ "ማቀዝቀዣው ውሃስ በደንብ ይዞራል?" አለች።

"ፓምፑ ሲጮህ አይሰማሽም እንዴ?" አልኳት። ሳቁባት። እኔም ሳቅኩ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10

የትኛውን ቦርድ እንግዛ? ሁለት ሰዓት ሙሉ ጭቅጭቅ። ዴኒዝ የድሮው ዓይነት ይሁን ባይ ናት፤ ገመዱ እንዳለ ይገባል፣ ሁሉም ሰው ለምዶታል። እኔ ፎቶ ሳይቀር ጣውላ ላይ የሚቀርጸውን፣ ፕሮግራሙን እንደፈለግን የምንለውጠውን ነው ያልኩት። እውነቱን ልጻፍ? ከእኔ በቀር የሚያውቀው ስለሌለ ነው።

ኦርቪል ከኋላ ተቀምጠው ነበር። የዋንጫና የሜዳሊያ ሱቃቸውን ሲዘጉ ማሽኑን የሸጡልን እሳቸው ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። "እኔ ጋ እኮ እስከ መጨረሻው ቀን ይሠራ ነበር" አሉ፣ ቀስ ብለው።

"መሞቻው ሲደርስ ነዋ ለእኛ ያሻገሩት!" አልኩ። ሰው ሁሉ ፊት።

ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። ምን ነካኝ?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 19

በሩ ላይ ካርቶን። ውስጡ አዲስ ቦርድ፣ ያውም እኔ የመረጥኩት። ላኪው ኦርቪል። ብጣሽ ወረቀት አለበት፦ "መበላሸቱን አላወቅኩም ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

ዴኒዝ አንብባ ቀና ብላ አየችኝ። "በል እንግዲህ፣ ግጠመው።"

እሑድ፣ ኦክቶበር 20

ገጠምኩት። ይሄዳል፣ ይመለሳል… ጨረር የለም።

ላብ አጠመቀኝ። መጨረሻ ላይ የውሃውን ባልዲ ከፈትኩ። አረንጓዴ ሆኗል። የውሃውን መፍሰስ የምትጠብቀው ትንሽ ማብሪያ በዝቃጭ ተደፍናለች። እሷ ካልፈቀደች ደግሞ ጨረሩ አይነሳም። ኦርቪል ማሽኑን ሲያስረክቡን "የተጣራ ውሃ ብቻ" ብለው ነበር። ጁላይ ላይ ሱቅ መሄድ ሰንፌ ከቧንቧ የሞላሁት እኔው ነኝ።

አጠብኳት። ማሽኑ ቆረጠ። የድሮውን ቦርድ መልሼ ሞከርኩ… እሱም ቆረጠ። ምንም አልነበረበትም!

ብቻዬን ነበርኩ። አዲሱን መልሼ አሰርኩና ወደ ቤት ሄድኩ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 24

የክበቡ ሰዎች ማሽኑ ሲቆርጥ አይተው አጨበጨቡልኝ። "ከርቲስ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር!" እኔም ፈገግ አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እሑድ፣ ኦክቶበር 27

ኦርቪል ቤት ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ቅጠል እየጠረጉ ነበር። ውሃውን፣ ማብሪያዋን፣ ጭብጨባውን… ሁሉንም ነገርኳቸው። መጥረጊያቸውን ተደግፈው ሰሙኝ።

"ሌሎቹ ያውቃሉ?"

"አያውቁም። መጀመሪያ ለእርስዎ ልንገር ብዬ ነው።"

"ያን ዕለት ለብቻዬ አልነበረም የተናገርከኝ፣ ሰው ሁሉ ፊት ነው" አሉና ወደ ቅጠላቸው ዞሩ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 31

ዛሬ ሃሎዊን ነው፣ ሰው የተለያየ ነገር መስሎ የሚለብስበት በዓል። ዴኒዝ የንብ ክንፍ አድርጋለች፣ ግማሹ ሰው ጭምብል አጥልቋል። ኦርቪልም መጥተዋል፣ ከኋላ።

ቆምኩ። "ቦርዱ አልሞተም ነበር። ማሽኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ በቧንቧ ውሃ። ኦርቪልን ያለ ጥፋታቸው ነው ያዋረድኳቸው።" ማንም አላሾፈም… ቢያሾፉ ይሻለኝ ነበር።

"ስንት ቀን ደበቅከን?" አለች ዴኒዝ።

"አስራ አንድ።"

ክንፏን አውልቃ ተቀመጠች።

አዲሱን ቦርድ ፈትቼ በካርቶኑ ለኦርቪል መለስኩ። የድሮውን መግጠም ጀመርኩ፣ ሁሉም እያየኝ። ብሎኑ ሁለቴ ወደቀብኝ። ኦርቪል ከወንበራቸው ተነስተው መጡ። ፊቴን አላዩም። የእጅ ባትሪውን አንስተው ያዙልኝ።