እርሳስ የሚያልፍበት ክፍተት

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለተካልኝ፤

ሰላምታዬ በረዶውን ጥሶ እስከ ብርኖ ከተማ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ጉንፋን ለቀቀህ? ትምህርቱስ እንዴት ይዞሃል? ድንቹንስ ለመድከው ወይስ አሁንም እየታገልከው ነው? እማዬ ካፖርቱ ይሞቀው ይሆን እያለች በየቀኑ ስለምታደርቀኝ እኔም ልጠይቅህ፤ ካፖርቱ ይሞቃል ወይ? እኛ ሁላችንም በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ይላል። እኔም እንደ ደንቡ ልጽፈው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፤ ከቅናቴ በስተቀር ደህና ነኝ።

እንዳትስቅ። ታላቅህ ሆኜ ይህን ለመጻፍ ስንት ጊዜ ምራቄን እንደዋጥኩ አንተው ገምት። አባታችን ሲሞት እኔ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ወጥቼ መካኒክ ሆንኩ፣ አንተ ቀጠልክ። ማንም አላስገደደኝም፤ ወድጄ ነው። የከፋኝ በኋላ ነው። በረዶ ላይ ቆመህ የተነሳኸው ፎቶ የደረሰን ዕለት እማዬ የምታደርግበት ፍሬም አጣች። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የእኔንና የዘርትሁንን የሰርግ ፎቶ ከግድግዳው አወረደችና ያንተን በላዩ ላይ አስገባችው። ዘርትሁን ስትስቅ እኔ እርር ድብን አልኩ። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚታየው አንተ ነህ። እኔና ሚስቴ ከነቬሎዋ ከጀርባህ ተሸጉጠናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ወሎ ሰፈር ለምሠራበት ሆቴል ባለፈው ግንቦት አዲስ ጄኔሬተር መጣለት፤ አራት ቶን ይመዝናል። አሮጌውን ታስታውሰዋለህ። ወለሉ ላይ በቡሎን ጥርቅም አድርገን አስረነው፣ በተነሳ ቁጥር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ይንጫጫ ነበር፤ የምድር ቤቱ ግድግዳም ተሰነጣጥቋል። ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ገሰሰ ጠሩኝና አዲሱን ጄኔሬተር፣ ሕንፃውን እንዳይንጥ፣ መሬት ቢንቀጠቀጥም ከቦታው እንዳይወርድ አድርጌ እንዳስቀምጠው አዘዙኝ። እሳቸው የካራቆሬ ሰው ናቸው። በ1953 ዓ.ም. መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የቤታቸው ጣሪያ ሲወርድ በዓይናቸው ስላዩ በዚህ ነገር አይቀልዱም። ሥራው ካማረ ደግሞ ለአንድ ዓመት ሥልጠና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለሚላክ አንድ ሠራተኛ ቦታ የእኔን ስም እንደሚያቀርቡ ነገሩኝ። ተካልኝ፣ በደስታ የማደርገው ጠፋኝ። እኔም ካፖርት ለብሼ በረዶ ላይ ልቆም ነው!

ግን ሁለቱ ትእዛዞች አልገጥም አሉኝ። አጥብቄ ባስረው ሕንፃውን ይንጠዋል። ላላ ባደርገው መሬት የተንቀሳቀሰ ቀን ተነስቶ ይሄዳል። በያጁ ሙክታር እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኛል ብዬ የጻፍኩልህ ያን ጊዜ ነው። ሙክታር ምንም አልጠየቀኝም። ታላቅ ወንድም ታናሹን «አላውቅም፣ አስተምረኝ» ማለት ከብዶት የሰው ስም ተበደረ። አንተም ደግ ነህና ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍክ፣ ንድፍም ሠርተህ ላክህ። በብረት አልጋ ላይ ይቀመጥ፣ አልጋው ስምንት ጥምዝ የብረት ሞላ ላይ ይረፍ፣ በአራቱም ማዕዘን ጎማ የለበሰ ወፍራም የብረት ማገጃ ይቁም አልክ። በማገጃውና በአልጋው መካከል ደግሞ እርሳስ የሚያልፍበት ክፍተት ይኑር። ሞላው ለዕለት ተዕለቱ ንዝረት ነው፣ ማገጃው ለክፉ ቀን ነው፤ ስለዚህ በደህና ቀን አይነካኩ።

ንድፍህን በሌላ ወረቀት ላይ ገለበጥኩትና ከግርጌው «ዱባለ» ብዬ ፈረምኩ። አዎ፣ አደረግሁት። ሙክታር ብረቱን በየደ፣ አርማታውን አፈሰስን፣ ሞላዎቹንም ከጋራዥ አፈላልገን አሟላን። ማገጃው ላይ ስንደርስ ግን አንድ ሰይጣን ያዘኝ። ሁሉን እንዳለ ከምወስድልህ አንዲት ነገር እንኳ የራሴ ትሁን አልኩ። ደግሞ እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የላላ ሳጠብቅ የኖርኩ ሰው፣ ሞተሩን ያላየ ተማሪ ክፍተት ተው ሲለኝ ልተው? ማገጃውን አስጠግቼ ከአልጋው ጋር ጥብቅ አደረግሁት። ሙክታር ይሄ ብረት እኮ ይነካዋል ቢለኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

ጓድ ገሰሰ ባሉበት አስነሳነው። ምን ልበልህ፣ ከአሮጌው ባሰ! መዝገብ ቤት ያሉት ሴቶች ግልብጥ ብለው ወደ ግቢ ወጡ። ጓድ ገሰሰ ሰዓታቸውን አይተው ሄዱ። እኔ የዚያን ጊዜ ማንን እንደወቀስኩ ታውቃለህ? አንተን። ጭራሽ ሆን ብሎ ነው የተሳሳተ ነገር የላከልኝ እስከማለት ደረስኩ። ቤት ገብቼ ሳኮርፍ ዘርትሁን ደብዳቤህን ከሻንጣዬ አወጣችና አነበበችልኝ፤ እርሳሱ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ ክፍተቱን ትተህለት ነበር ወይ አለችኝ። ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እሷም ደብዳቤውን አጥፋ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው፤ ይህ ከስድብ ይብሳል።

በማግሥቱ ቡሎኖቹን ፈትቼ ማገጃዎቹን ወደ ኋላ ሳብኩ። ከጓድ ገሰሰ ጸሐፊ የተዋስኩትን እርሳስ በአራቱም ማዕዘን ከላይ እስከ ታች አሳለፍኩ። አስነሳነው። ሞተሩ በሞላው ላይ ውዝውዝ ይላል፣ ወለሉ ግን ጭጭ። ሙክታር ውሃ የሞላ ብርጭቆ አርማታው ላይ አስቀምጦ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየና «አላህ!» አለ። ሁሉም ተቃቀፈ። እኔም ሳቅሁ፣ ውስጤ ግን ጎመዘዘኝ። አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀህ፣ ሞተሩን በእጅህ ሳትነካ፣ አጠገቡ ቆሜ ያላየሁትን አየህ።

በጥቅምት አንድ ቀን ረፋድ ላይ መብራት ጠፍቶ ሞተሩ እየሠራ ሳለ መሬቱ ተነቃነቀ። ብዙም አልቆየም፣ ከተማው በማግሥቱ ረስቶታል። እኔ ግን አጠገቡ ነበርኩ። ያ አራት ቶን ብረት ወደ በሩ በኩል ሄደ፣ ማገጃውን ድው አደረገው፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ፣ ደግሞ ድው። ማገጃው ባይኖር ከሞላው ወርዶ የነዳጁን ቧንቧ ይበጥሰው ነበር፤ እዚያው ነድጄ እቀር ነበር። ሙክታር ኋላ ፈጣሪን ማመስገን ረሳህ እንዴ አለኝ። በእውነት ረስቻለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መሬት ከእግሬ ሥር እየተናጠ እኔ የማስበው «ይሄ ልጅ ይህንንም አውቆ ነበር!» ብቻ ነው። ነፍሴን አዳንክልኝ፤ እኔም በዚያው ቅጽበት ቀናሁብህ።

ከዚያ በኋላማ ስብሰባ ተጠራ፣ ተጨበጨበልኝ። ለጀርመኑ ሥልጠና የሚሞላ ፎርም መጣ። «ንድፉን ያዘጋጀው» የሚል ባዶ መስመር አለበት። ሁለት ቀን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ አፈጠጥኩበት። በመጨረሻ «ተካልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ከደግነት እንዳይመስልህ። ባንተ ንድፍ ጀርመን ብሄድ እዚያም ያንተን ካፖርት ተውሼ የለበስኩ ይመስለኛል፤ የራሴ በረዶ አይሆንም። ዕድሉ ለሌላ ሆቴል ኤሌክትሪሽያን ተሰጠ።

መጥፎው ገና አልመጣም። ጓድ ገሰሰ ይህ ተካልኝ የሚባለው ማነው ብለው ጠየቁኝ። ወንድሜ ነው አልኩ። መቼ ነው የሚመለሰው አሉ። በሚመጣው ክረምት አልኩ። እንግዲያው የጥገና ክፍሉን ኃላፊነት ለእሱ እንጠይቅለት፣ ጻፍና ፈቃዱን አሳውቀን አሉኝ። የእኔ አለቃ ይሁን ማለት ነው! ይህን መልእክት ሦስት ሳምንት ሙሉ ውጬው ዞርኩ። አልጻፈልኝም ልል፣ ደብዳቤው ጠፋ ልል፣ እዚያው መቅረት ይፈልጋል ልል ብዙ አሰብኩ። ጓድ ገሰሰ ባገኙኝ ቁጥር መልስ መጣ ወይ ይላሉ፤ እኔም ፖስታ ቤቱን አማሁ። እነሆ ዛሬ አደረስኩልህ። ቦታው ያንተ ነው፤ ቶሎ መልስ። ስትመጣ ግን ሰው ፊት «ጋሼ» ብለህ እንዳትጠራኝ፤ አለቃ ሆነህ ካከበርከኝ አልችለውም።

ዘርትሁን ሰላም ብላሃለች፣ ቅናቴን እንደማታስታምምልኝም ንገረው ብላኛለች። እህታችን አሰፋሽ አሥረኛ ክፍል ገባች፣ በሒሳብ አንደኛ ወጥታለችና እሷንም መፍራት ጀምሬያለሁ፤ ጉንጭህን ትስማለች። ጎረቤታችን ወይዘሮ አስመረት ለጤናህ እየጸለዩ ነው። ሙክታር ሳያውቅህ ሰላም ይልሃል። አንድ ክፍል ለሚጋራህ ጓደኛህም ሰላምታችንን አድርስልን። እማዬ አገላብጣ ትስምሃለች፤ የኃላፊነቱን ነገር እስካሁን አልነገርኳትም፣ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ምሥራቹን አንተው ጻፍላት። ፊደል ስለማትለይ ጮክ ብዬ የማነብላት ያው እኔ ነኝና፣ እባክህ ወንድሜ፣ አሳጥረው።

ወንድምህ ዱባለ
ወሎ ሰፈር፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 24 ቀን 1980 ዓ.ም.